ውሃ እየጨመሩ መንዳት ይብቃ፦ ራዲያተር ግቢ ውስጥ ስለመቀየር

ቤተልሔም፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ወሬያችን የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ነው። ውሃ በሃይላንድ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ አይደል? ጠዋት ኮፈን ከፍተው ይሞላሉ፣ ማታም ይሞላሉ። ዛሬ የመጣነው ለእነሱ ነው።

ዳዊት፦ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ሰው «ትንሽ ነው የሚያፈሰው» ይላል። ራዲያተር እኮ ቀላሉ ወጪ ነው። ከባዱ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ሲጣመም፣ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲቃጠል ነው። ያኔ ሞተር ይፈታል፣ መኪናውም ጋራዥ ይተኛል።

ቤተልሔም፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለንን ቪትዝ፣ ያለንን ኮሮላ መንከባከብ ነው ያለብን።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው። እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ቤተልሔም፦ ይሄ ከራዲያተር ጋር እንዴት ይገናኛል?

ዳዊት፦ ቴርሞስታት የሚባለው፣ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዲሄድ በሩን የሚከፍተው ዕቃ፣ በብዙ ቶዮታዎች ላይ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሞተሩ ደህና ሆኖ ሲሠራ ራሱ 90 ይጠጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ግፊት የሌለው ውሃ ምንም ብልሽት ሳይኖር ለመፍላት ጫፍ ላይ ነው።

ቤተልሔም፦ ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም?

ዳዊት፦ ክዳኑ ነዋ! የራዲያተር ክዳን ማለት እንደ ድስት ክዳን የተቀመጠ ነገር አይደለም። ስፕሪንግ አለው፣ ግፊት ይይዛል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። የ0.9ው ክዳን ደህና ከሆነ፣ አዲስ አበባም ላይ ሆነን ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። እዚህ ላይ አስቡት። ራዲያተሩ ቀጭን ስንጥቅ ካለው ግፊት አይያዝም። ግፊት ካልተያዘ ደግሞ መፍያው ወደ 92 ይወርዳል። ትንሽ ነው የምንለው ቀዳዳ የሚወስደው ውሃውን ብቻ ሳይሆን ከ20 ዲግሪ በላይ መጠባበቂያችንን ነው።

ቤተልሔም፦ አሁን ገባኝ። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ደህና የሚመስለው መኪና፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ እንፋሎት የሚተፋው።

ዳዊት፦ አዎ። ዳገቱ ረጅም ነው፣ ማርሹ ከባድ ነው፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነፋስ የለም፣ ከታች ደግሞ ሙቀቱ። የተደበቀ ቀዳዳ እዚያ ነው የሚታወቀው።

ቤተልሔም፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ለቪትዝ ባለቤቶች። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት ቀስት የላቸውም። ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። ቀዩ ሲበራ ነገሩ አልፏል። ውሃው ጨርሶ ከሄደ ደግሞ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር አየር ውስጥ ስለሚቀር ላያስጠነቅቅም ይችላል። መብራት አልበራም ብላችሁ አትዘናጉ።

ዳዊት፦ ሰምታችኋል? ወርቅ ምክር ነው። እሺ፣ መጀመሪያ ግን ራዲያተሩ መሆኑን እናረጋግጥ። ሰው ራዲያተር ይቀይርና በማግስቱ ያው ያፈሳል፤ ምክንያቱም የሚያፈሰው ውሃውን የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ፣ ማኒኮቶው፣ ወይም ውሃውን የሚገፋው ፖምፓ ነበር።

ቤተልሔም፦ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ማታ ንጹሕ ካርቶን ከስር አነጥፋለሁ። ጠዋት ጠብታው የት እንዳረፈ አያለሁ። ከዚያ በባትሪ መብራት ወደ ላይ መከተል ነው። በዛሬዎቹ ራዲያተሮች መሐሉ አሉሚኒየም ነው፣ ከላይና ከታች ወይም ግራና ቀኝ ያለው ሳጥን ፕላስቲክ ነው። የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲኩ፣ ወይም ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ነው። እዚያ ላይ የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ምልክት ካያችሁ ተገኝቷል።

ዳዊት፦ ፕላስቲኩ ከጥቁርነት ወደ ቡናማ ከተለወጠም ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው። ሙቀት አድርቆታል። ጠብታው ከሞተሩ ቀበቶ በኩል ከመጣ ፖምፓውን ጠርጥሩ። በተሳፋሪው እግር በኩል ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ በጣፋጭ ሽታ ጉም ከለበሰ፣ የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ነው። ከጭስ ማውጫው ያለማቋረጥ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ዘይቱ እንደ ወተት ከሆነ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከፈላ፣ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። ያኔ አዲስ ራዲያተር አይረዳችሁም።

ቤተልሔም፦ ስለ መጠገንስ? «አስበይጄው» የሚሉ አሉ።

ዳዊት፦ ድሮ ይቻል ነበር። የድሮ ላንድክሩዘርና የድሮ ላዳ ራዲያተር መዳብና ነሐስ ነበር፤ በቆርቆሮ ይበየዳል። ፕላስቲክ ግን አይበየድም። ማስቲካ ብትለጥፊበት ሙቀቱና ግፊቱ ያነሳዋል። የሚያደፍን ዱቄትም አለ። እኔ በግሌ አልወደውም። ቀዳዳውን ሲደፍን የሂተሩንም ቀጫጭን ቱቦ ሊደፍን ይችላል። መቀየር ነው።

ቤተልሔም፦ መለዋወጫ ልንገዛ ሶማሌ ተራ ስንሄድ ምን እንያዝ?

ዳዊት፦ ቢቻል አሮጌውን ራሱን፣ ካልተቻለ ሊብሬውንና ፎቶ። የማኒኮቶ አፎቹ በየት በኩል እንደሆኑ፣ የታች እግሮቹ ርቀት፣ ውፍረቱ፣ ሁሉም መመሳሰል አለበት። ዋናው ጥያቄ ግን ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው ወይስ ማንዋል? የብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ራዲያተር የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዝበት ሁለት ተጨማሪ አፍ አለው። አሮጌው ሁለት አፍ ካለው አዲሱም ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ እጅ ራዲያተር ግን አልመክርም። ያንኑ ያረጀ ፕላስቲክ ነው የምትገዙት።

ቤተልሔም፦ ክዳኑንም አብረን እንግዛ።

ዳዊት፦ በአሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ። 0.9 ከነበረ 0.9። ከፍ ያለ ይሻላል ብላችሁ አትውሰዱ፣ ሌላ ቦታ ያስፈነዳል። ማኒኮቶዎቹም ጫፋቸው ካበጠ ወይም ሲጨመቁ ከተሰነጣጠቁ አብረው ይቀየሩ።

ቤተልሔም፦ እሺ፣ ግቢ ገባን። ሜዳ ቦታ፣ ሞተሩ ያደረ፣ ቀዝቃዛ። ይሄን ደጋግሜ እላለሁ። ትኩስ ራዲያተር ክዳኑ አይነካም! በጨርቅም ቢሆን። ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ዳዊት፦ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ማላቀቅ። የኤሌክትሪክ ፋን ሳታስቡት ሊነሳ ይችላል። ከስር ሰፊ ሳፋ ታስቀምጣላችሁ። በራዲያተሩ ታች ትንሽ የፕላስቲክ ማፍሰሻ አለች። እሷን በእጅ ትከፍታላችሁ፣ ከላይ ክዳኑን ስታነሱ ቶሎ ይወርዳል።

ቤተልሔም፦ ሕፃን ወይም ውሻ ያለበት ግቢ ከሆነ ሳፋውን ትታችሁ እንዳትሄዱ። ኩላንት የምንለው የራዲያተር ፈሳሽ፣ የብዙዎቹ መሠረት ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው። ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላል። መሬት ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ። የቀዳችሁትን ክዳን ባለው ጀሪካን አድርጋችሁ ጻፉበት። የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ በጭራሽ።

ዳዊት፦ እግዜር ይስጥሽ። ቀጥሎ የላይና የታች ማኒኮቶ። ማኒኮቶውን የሚያጠብቀውን ቀለበት፣ ፋሼታውን፣ በፒንሳ ጨምቃችሁ ወደ ኋላ ትገፋላችሁ። ማኒኮቶው ከተጣበቀ መጀመሪያ አዙሩት፣ ከዚያ ሳቡት። የሚጣል ከሆነ በምላጭ መሰንጠቅ ነው። በካቻቢቴ መፈልቀቅ የፕላስቲክ አፍ ይሰብራል። አሮጌው ቢሰበር ግድ የለም፣ ነገር ግን ሌላኛው ጫፍ ሞተሩ ላይ ነው ያለው።

ቤተልሔም፦ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ከታች ያሉት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች።

ዳዊት፦ ትንሽ የካምቢዮ ዘይት ይወጣል፣ አትደንግጡ። ወዲያው ጫፋቸውን ድፈኑ፤ አቧራ እንዳይገባ፣ ዘይትም እንዳያልቅ። የወጣውን ለክታችሁ አስቀምጡ፣ በኋላ ያንን ያህል ትመልሳላችሁ። ዓይነቱን ከመኪናው መጽሐፍ እዩ። አሮጌው ኩላንት ውስጥ ግን የዘይት ሮዝ አረፋ ካያችሁ ቁሙ። በራዲያተሩ ውስጥ ውሃውና የካምቢዮ ዘይቱ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ካምቢዮውም መታጠብ አለበት፣ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ቤተልሔም፦ ከዚያ የፋኑን ሶኬት ንቀል፣ የላዩን መያዣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍታ፣ ራዲያተሩን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳ። ብዙ ጊዜ አይወስድም። ፊት ለፊቱ ያለው የኤሲ ኮንደንሰር ነው። እሱን አትፍቱት፣ ጋዝ አለው። ከራዲያተሩ ጋር ተያይዞ ከሆነ በገመድ ወደ ፊት ይታሰር።

ዳዊት፦ አዲሱን ስታስገቡ ፊቱን በካርቶን ሸፍኑ። ቅጠሎቹ ስስ ናቸው፣ በጥፍርም ይታጠፋሉ። የታች ላስቲኮቹ ቦታቸው መኖራቸውን እዩ። ላስቲክ ሳይኖር የተቀመጠ ራዲያተር መንገዱ እያንቀጠቀጠ ይሰነጥቀዋል። ማፍሰሻዋን በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ ፕላስቲክ ናት። ከዚያ የፈታችሁትን ሁሉ መልሱ፤ መያዣውን፣ ማኒኮቶዎቹን፣ ቱቦዎቹን፣ የፋኑን ሶኬት፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ።

ቤተልሔም፦ እኔ ግን ዋናው ሥራ ገና አሁን ይጀምራል ነው የምለው። መሙላቱ። ሰው ብሎን ሲያስር ይጠነቀቃል፣ ሲሞላ ይቸኩላል። ሲስተሙ ውስጥ አየር ከቀረ ቴስታታው አጠገብ ይቀመጥና እዚያ ቦታ ውሃ አይደርስም። አዲስ ራዲያተር ገጥሞ ሞተር ማቃጠል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዳዊት፦ እንዴት ነው የምታደርጊው?

ቤተልሔም፦ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አደርጋለሁ። ተዳፋት ካለ ተዳፋት፣ ከሌለ በክሪክ፤ የኋላ ጎማው ግን በድንጋይ ይታገዳል። ማንም ከስር አይገባም። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ፣ ኤሲው ይጥፋ። ኩላንቱን ቀስ ብዬ እያፈሰስኩ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጄ እየጨመቅሁ። ጉልግል እያለ አየሩ ይወጣል። እስከ አፉ ሲሞላ ክዳኑን ሳልገጥም አስነሳለሁ። ደረጃው ሲወርድ እጨምራለሁ። የላይኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል። አረፋው ሲያቆም፣ ሂተሩም ሙቅ ሲነፍስ ክዳኑን እገጥማለሁ። ፋኑ ተነስቶ ተመልሶ እስኪጠፋም ቆሜ አያለሁ።

ዳዊት፦ ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፈሰ?

ቤተልሔም፦ አየር አለ። አጥፍቼ፣ አቀዝቅዤ፣ እንደገና። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጎድላል፤ ይሞላል፣ ጎን ያለችውም የፕላስቲክ መጠባበቂያ እስከ መስመሯ ትሞላለች።

ዳዊት፦ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞሉስ?

ቤተልሔም፦ እባካችሁ አታድርጉት። የቧንቧ ውሃ ውስጡን በነጭ ደለል ይሸፍናል፣ አሉሚኒየሙም ይበላል። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ ፖምፓውንም ይጠብቃል። ጣሳውን ግን አንብቡት። የተቀላቀለ ከሆነ እንዳለ ነው የሚገባው። ያልተቀላቀለ ከሆነ እኩል ለእኩል በዲስትልድ ውሃ፣ ለባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ማለት ነው። ሱቅ ስትጠይቁ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጣችሁ። ቀለም ደግሞ መለያ አይደለም። ሁለት ሮዝ ስላየን አንድ ናቸው ማለት አይደለም።

ዳዊት፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትሰሙን ደግሞ ይሄ የክረምት ጉዳይ ነው። እኩል ለእኩል የተቀላቀለው እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ባዶ ውሃ ግን ሌሊት በረዶ ሆኖ ሞተሩን ራሱን ይሰነጥቃል።

ቤተልሔም፦ መንገድ ላይ ሳሉ ቢግልባቸውስ፣ ገና ሳይቀይሩት?

ዳዊት፦ ኤሲ ይጥፋ፣ ሂተር እስከ ላይ ይከፈት፣ ዳር ይያዝና ሞተሩ ይጥፋ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ አይፈስም። ጠብቁ። «ቤቴ ቅርብ ነው» ብሎ መንዳት ነው ቴስታታውን የሚያጣምመው። ማስጎተት ይሻላል።

ቤተልሔም፦ አሮጌው ራዲያተር ምን ይሁን?

ዳዊት፦ በደንብ ይንጠፍጠፍና ለቆራሌው። አሉሚኒየም ስለሆነ ይወስደዋል። ጀሪካኑን ግን አብራችሁ እንዳትሰጡት፤ ከውስጡ ያለውን የሚቀበላችሁ ጋራዥ ጠይቁ። ከሳምንት በኋላም ፋሼታዎቹን አንድ ጊዜ ዳብሱ፣ ካርቶኗንም እንደገና አንጥፉ።