ፒስተኑ ሳይገዛ ብሎኩ ቶርኖ ቤት አይሂድ

የተከበራችሁ የአዳማ ጋራዥ ባለሙያዎች፣ ብረት የምትቆርጡና የምታሰፉ የቶርኖ ቤት ወንድሞቻችን፣ ልጆቻችሁን ለማስመረቅ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በየግቢው የቆመው አሮጌ ኮሮላ ክብሩ ሌላ ሆኗል። ተመራቂዎች፣ ምናልባት መጀመሪያ የምታወርዱት ሞተር የቤታችሁን መኪና ነው። ስለዚህ ስለ ልኬት አጥብቄ እናገራለሁ።

ሰማያዊ ጭስ ሲታይ «ፋሻ ብቻ ቀይርለት» መባሉ የተለመደ ነው፤ ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት የብሎኩ ቀዳዳ፣ ሲሊንደሩ፣ ግን እኩል አይበላም። ላይኛው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት፣ ዘይት በሚያንስበት ቦታ አብዝቶ ይበላል። ከተበላው ቦታ ከፍ ብሎ ሳይበላ የቀረው ጠርዝ አዲሱን ፋሻ መትቶ ይሰብረዋል። ባይሰብረውም ፋሻው በየምቱ ሲከፈትና ሲጠብ ይከርማል፤ ጭሱም ይመለሳል። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ ማቃጠል ነው!

እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ 6 ልኬት ነው። በአሮጌ ኮሮላ የሚገኘው የ4ኬ ሞተር ሲሊንደር የፋብሪካ ልክ 75 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት የብሎኩን ሲሊንደሮች አስፍቶ ለአዲሱ ልክ የሚሆን ፒስተን ፍለጋ መውጣት ነው። ሲሊንደሩ በ0.50 ሚሊ ሰፍቶ መጣ እንበል። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሲዞር የተገኘው ከፋብሪካው ልክ በ0.25 እና በ1.00 የሚበልጥ ፒስተን ብቻ ነው። 0.25ቱ ይላላል። ወደ 1.00 ለመሄድ ብሎኩ ገና ለሌላ እድሳት የሚሆነውን ብረት ያለ ጥፋቱ ያጣል፤ የቶርኖ ክፍያው ይደገማል፤ መኪናው ሸራ ለብሶ ይቆማል። ፒስተኑ ይገዛ፤ ከብሎኩ ጋር አብሮ ይሂድ። ባለሙያውም እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ፣ የጥገና መጽሐፉ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚያዘውን ክፍተት ጨምሮ ያስፋ፤ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይስጣቸው። ካርቶኑ ላይ 0.50 ስለተጻፈ ብቻ ሳይለኩ ማስፋት ሙያ አይባልም!

ብሎኩ ሲመለስ ቤተሰብ ይሰብሰብ። በቤንዚን ብቻ ማጠብ ሲሊንደሩ የተሳለበትን ድንጋይ ብናኝ በግድግዳው ላይ ከቀረው ጭረት አያወጣውም። ሙቅ ውሃ፣ ዱቄት ሳሙናና ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፤ ዝገት አይጠብቅም። እናትና ልጆች የሚሠሩት ይህ እጥበት ከቶርኖው እኩል የሞተሩን ዕድሜ ይወስናል።

ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ በፒስተን ግንባር ገፍታችሁ አቅኑትና የጫፎቹን ክፍተት ለኩ፤ በ75 ሚሊ ሲሊንደር 0.30 ገደማ ነው። ካነሰ ሲሞቅ ጫፎቹ ተጋጭተው ሲሊንደሩን ይቧጥጣሉ። የቴስታታ፣ ማለትም ብሎኩን ከላይ የሚከድነው የሞተር ራስ፣ ብሎን ከመሃል ወደ ዳር፣ በ3 ዙር፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቶርክ ሬንች ይጥበቅ።

የመጀመሪያው ዘይት 500 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየር። እስከዚያ ፈጣን መንገዱን ተዉት፤ በአሮጌው የሞጆ መንገድ ነዳጅ እየሰጣችሁና እየለቀቃችሁ ንዱ፤ ፋሻው ቦታውን የሚይዘው እንዲያ ነው።

አመሰግናለሁ።