የከፈለም ያልከፈለም ይናገር (ለእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

እንኳን ደህና መጣችሁ እድርተኞች። ከአራብሳ ከገላን ከየካ አባዶ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀየራችሁ በዚህ ብርድ ፒያሳ ድረስ የመጣችሁትን ደግሞ በተለየ አመሰግናለሁ፣ በ2016 ሰፈሩ ሲነሳ ይሄ እድር በቃ ተበተነ ያለን ሰው ብዙ ነበር፣ ይሄው ዛሬ ወንበር አልበቃንም ከጎረቤት ተውሰናል። እናቶች ከፊት ቦታ ያዙ፣ ልጆች እስኪ ተነሱላቸው።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባል፣ ሂሳቡን ገንዘብ ያዣችን፣ ኦዲተሮቹም አሉ፣ እኔ እሱ ውስጥ አልገባም። እኔ ዛሬ ስለ ወረቀቷ ነው ማወራው።

አምና በኮሚቴ የወሰንነውን ታስታውሳላችሁ። መዋጮ የማይከፍል ሰው ስብሰባ ላይ መናገር ከፈለገ ሀሳቡን ቀድሞ በወረቀት ጽፎ ለኮሚቴ ይስጥ፣ ኮሚቴው አይቶ ካሳለፈለት ይናገራል ካላሳለፈለት ቁጭ ብሎ ያዳምጣል አልን። የሚከፍለው ግን እጁን ያወጣል ማይክ ይቀበላል፣ ምን ልትል ነው የሚለው የለም።

እንዲሁ ተነስተን አልወሰንነውም። አቻምና እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ከእድሩ ጋር ምንም የማያገናኘው ደላላ ተነስቶ መሬት አለ ቅድሚያ ክፍያ አስገቡ እያለ ማይኩን ይዞ አልለቅም ሲል አይታችኋል። ከዛ ብሶ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልከፈለ ሰው ተነሳና ገንዘብ ያዡን በጉባኤ ፊት በላህ አለው። ማስረጃ የለ ምን የለ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ ልጆቹ ከኋላው ነበሩ። ሂሳቡ ተመረመረ፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ እስካሁን ሱቅ ቆሞ ያንን ነገር የሚያወራ አለ። እኛም ተናደድንና ያልከፈለ አይናገር ለማለት አፍረን በወረቀት ይምጣ አልን።

ወረቀቶቹ የሚመጡት እኔጋ ነው። በዓመቱ 11 መጡ። 2 አሳለፍኩ፣ 9ኙን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ባለፈው ሳምንት ለዚህ ስብሰባ ስዘጋጅ አወጣኋቸውና አንድ በአንድ አነበብኳቸው፣ እውነቱን ልንገራችሁ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንደኛው ወረቀት ስለ ጡሩምባ ነው። የጻፈው ከዚህ ተነስቶ ገላን የገባ ሰው ነው፣ የ14 ወር ውዝፍ አለበት። እንዲህ ይላል፣ ድሮ ጡሩምባ ነፊው በለሊት ዞሮ ሲጣራ ሁሉም ቤት ይሰማ ነበር፣ አሁን ተበትነናል፣ እናንተ የምትደውሉት ለአባወራው ስልክ ብቻ ነው፣ አባወራው ስራ ላይ ከሆነ ወይ ስልኩ ከተዘጋ ቤት ያሉት አሮጊቶች አይሰሙም፣ ስለዚህ በየሄድንበት ቦታ አንድ አንድ ጠሪ ይመደብ፣ እኔ የገላኑን በነጻ እሰራለሁ። ይሄ ነው ያለው። እኔ ወረቀቱ ጥግ ላይ በእጄ ውዝፉን ከፍሎ ይምጣ ብዬ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ እናታችን አርባ ዓመት አጥር ለአጥር የኖሩት ጎረቤታቸው ሞተው ተቀብረው በሦስተኛው ቀን ነው የሰሙት። ለልጃቸው ደውለናል፣ ልጁ መስክ ላይ ነበር። ሠልስት ላይ መጥተው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ምን በድያችሁ ነው ያሉት ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። መፍትሄው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የከፈለ ሰው ቢሆን ያን ሀሳብ እጁን አውጥቶ እዚሁ ይነግራችሁ ነበር፣ እናንተም በአስር ደቂቃ ትወስኑት ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ያስቀረሁት ደግሞ ሀሳቡን መዝኜ ሳይሆን ደረሰኙን አይቼ ነው።

ደግሞ የማይከፍለው ማነው? ሁሉም እኮ ደላላ አይደለም። ጡረታው ለመድኃኒት ያለቀበት አለ። ሰፈሩ ሲነሳ ስራው አብሮ የቀረበት አለ፣ እዚህ ቁርስ ቤት የነበራት እዛ ሄዳ ደንበኛ የላትም። ተከራይ አለ። ተከራዩ እኮ አልከፍልም አላለም፣ እኛ መግቢያውን እስከዛሬ ባፈራነው ንብረት ልክ ቆልለንበት ነው። አንዲት ተከራይ እህታችን አለች፣ ለቅሶ በሆነ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ መጥታ ውሃ ትቀዳለች ሽንኩርት ትከትፋለች ድስት ታጥባ ነው የምትሄደው፣ ያኔ ደረሰኝሽን አሳዪን ያላት የለም። ከ9ኙ ወረቀት ሁለቱ የእሷ ናቸው። አንዱ ሰሃኖቹ ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ የሚቆጥር የለም ይላል። እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል?

እሺ፣ የከፋዩንም ቅሬታ እሰማለሁ፣ አውቀዋለሁም። ወር በወር ከልጆቼ ጉሮሮ ቀንሼ የምከፍል እኔና ምንም ያልከፈለው እኩል ልንሆን ነው ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ትክክል ናችሁ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የቀብር ገንዘቡ የከፈለው ነው። ገንዘብ ላይ ድምጽ የሚሰጠው፣ ኮሚቴ የሚመርጠውም የከፈለው ነው። ይሄ አይነካም፣ ከተነካማ እድርም አይኖርም። ግን መዋጮ ስንከፍል የገዛነው ቀብራችንን ነው፣ የሌላውን ሰው አፍ አይደለም። መስማት ደግሞ ከካዝናው ምንም አያወጣም።

ሕጉ ነው ያስገደደን እንዳንል ሕጉ እንዲህ አይልም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም፣ እኛን የሚገዛን የራሳችን ደንብ ነው፣ ደንቡን የጻፍነውም እኛው ነን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ደግሞ ሀሳብን መግለጽ የሁሉም ሰው ነው ይላል፣ እዛው አንቀጽ ላይ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ ይችላል ይላል። የገንዘብ ያዣችን ነገር እሱ ውስጥ ይገባል። ያባቶቻችንንም ወግ አስቡት፣ አንድ ሰው በሕግ አምላክ ካለ የሮጠው ይቆማል የተጣላው እጁን ይሰበስባል፣ አንተ ማነህ ግብር ከፍለሃል ወይ ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው ተነጋግሮበታል፣ ሁላችንም አልተስማማንም፣ በአብላጫ ነው ያመጣነው፣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ወረቀቷ ትቅር። ቅድመ ምርመራ ለማንም አይኑር። የከፈለም ያልከፈለም ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገር። ከዛ ግን ስድብ የጀመረ፣ ብሔር ወይ ሃይማኖት እያነሳ የሚነካካ (እሱማ የጥላቻ ንግግር አዋጁ 1185/2012ም አለበት)፣ የሟች ቤተሰብን ጓዳ የሚያወጣ፣ ንግድ ሊያስተዋውቅ የመጣ፣ ያኔውኑ ማይኩ ይዘጋበት፣ ከፋይም ቢሆን። ኮሚቴም ቢሆን እኔም ብሆን። የዘጋው ሰው ለምን እንደዘጋ እዚሁ በአደባባይ ይናገር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ፣ ያለአግባብ ተዘጋብኝ የሚል ካለ እናንተን ይጠይቅ፣ እጅ አውጥታችሁ ፍረዱ። በመሳቢያ የሚቀር ነገር አይኑር። ገንዘብ ጠፋ የሚል ክስ ብቻ ከማንም ይምጣ ከማን በጽሑፍ ለኦዲተሮች ይሰጥ፣ ኦዲተሮቹ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ፣ መልሱም እዚህ ይነበብ።

ስብሰባው ይረዝምብናል ያላችሁኝ አላችሁ። አዎ ይረዝማል። ከሩቅ የመጣችሁት ታክሲ እንዳይቸግራችሁ ከሰዓት በፊት ለመጨረስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንጀምራለን፣ እስከዛሬ 4 ሰዓት ነበር የምንሰበሰበው፣ የሚለወጠው እሱ ነው።

ያን የገላኑን ወንድማችንን ከሦስት ቀን በፊት ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ዛሬ መጥቷል፣ ከኋላ በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። እናታችንን ደግሞ ቤታቸው ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ መጥቻለሁ።

ጸሐፊያችን 9ኙን ወረቀት ይዞ ቆሟል። ጽፎ የሰጠው ሰው እዚህ ካለ ራሱ ተነስቶ ይናገር፣ ያልመጣ ካለ ይነበብለት። የመጀመሪያው የጡሩምባው ነው፣ ማይኩን ወደኋላ አሳልፉለት።