በ19 ዓመት የተማለ መሐላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማውራት የፈለግኩት ሀያዎቹ ውስጥ ስንገባ አንድ በአንድ ስለምንተዋቸው ነገሮች ነው።

ትምህርት ስንጨርስ ብዙዎቻችን እንምላለን። የምወደውን ሥራ እንጂ ሌላ አልነካም፣ ከጓደኞቼ አልርቅም፣ ለማንም ብዬ አልለወጥም። ከዚያ የቤት ኪራይ ይመጣል። ፍቅር ይመጣል፤ ከሰው ጋር መኖር ደግሞ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ እንኳ መደራደር ነው። ወላጅ ይታመማል። አንድ ቀን ዞር ስትሉ፣ አላደርግም ካላችሁት ግማሹን አድርጋችሁታል። ያኔ ሐፍረት ይመጣል፤ ራሳችሁን የካዳችሁ ይመስላችኋል።

እኔ ይህ ሐፍረት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ጊልበርት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሠራው። ከ19,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከፊሎቹ ባለፉት 10 ዓመታት ምን ያህል እንደተለወጡ ተጠየቁ፣ ከፊሎቹ በሚመጡት 10 ዓመታት ምን ያህል እንደሚለወጡ። ስላለፈው የተጠየቁት ብዙ ተለውጠናል አሉ። ስለሚመጣው የተጠየቁት ግን የገመቱት ለውጥ ትንሽ ነበር። ወጣቱም ሸምገል ያለውም እንዲሁ፤ ሁሉም አሁን የደረሰበት የመጨረሻው ማንነቱ ይመስለዋል። እንግዲህ በ19 ዓመቱ የማለው ልጅ፣ መሐላውን የሚጠብቀውን ሰው ገና አላገኘውም ነበር። እሱን ከዳሁት ብሎ መብሰልሰል ምን ይሉታል?

ግን መተው ሁሉ አንድ አይደለም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም እዚህ ላይ ነው።

ሥዕል መሣል የሚወድ ሰው የሒሳብ ሥራ ቢይዝና «ለጊዜው ደመወዙ ያስፈልገኛል፣ ቅዳሜን ግን ለሥዕሌ እይዛለሁ» ቢል፣ የሰጠውንም የተቀበለውንም ያውቃል። ሌላዋን ደግሞ አስቧት። ፍቅረኛዋ ከጓደኞቿ ጋር ስትውል ፊቱን ያጠቁራል። ጭቅጭቅ አትወድም፣ «ይሁን» ትላለች። በሚቀጥለውም ይሁን። ማንም ቁጭ ብሎ አልተነጋገረም፣ ማንም አልጠየቃትም፤ ጓደኞቿ ግን መደወል አቁመዋል። ከውጭ ስታዩዋት ታጋሽ፣ የበሰለች ሴት ትመስላለች። ምስጋናም ታገኝበታለች፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ሰጥቶ መቀበል የሚባለው ሁለት ሰው ሲሰጥ ነው።

ስለዚህ እኔ አንድ ነገር ስተው ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው፦ የተውኩለት ሰው ምን እንደተውኩ ያውቃል? ካላወቀ፣ ያልነገርኩት ፈርቼ ነው ወይስ ነገሩ በእርግጥ ቀላል ስለሆነ? አንዳንዴ ቀላል ነው፤ የመብራቱን ጉዳይ ስብሰባ አልጠራበትም።

ከወላጅ ጋር ሲሆን ግን ይህ ጥያቄ አይበቃም። እነሱም ለእኛ ሲሉ የተዉት አለ፣ አብዛኛውንም አልነገሩንም። ስለዚህ ሌላ ክፍል ያስፈልገናል። ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም፤ ቸር ሰንብቱ።