ከመኝታ ቤቷ ጣሪያ ላይ የተሰማው ኮቴ

ሰላማዊት፦ ለዛሬ የያዝነው ርእስ ሃሪ ሁዲኒ ነው፤ የሙታንን ነፍስ እናነጋግራለን የሚሉ ሰዎችን ማታለያ ሲያጋልጥ የኖረው ዝነኛ የምትሐት ትርኢት ባለሙያ። ብሩክ፣ ከየት እንጀምር?

ብሩክ፦ ፈቃድሽ ከሆነ ከእናቴ ቤት ልጀምር። እናቴ በሞተችበት ዋዜማ፣ ማታ፣ ሁለት ጊዜ ደውላልኝ ነበር፤ እኔ አዳማ ሥራ ላይ ስለነበርሁ ጠዋት እደውልላታለሁ ብዬ ተውሁት። ጠዋት የደወለልኝ ግን ጎረቤታችን ነበር። ተዝካሯ ወጥቶ ዘመድ ከተበተነ በኋላ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ባለው ቤቷ ብቻዬን ስቀር፣ ሊነጋጋ ሲል ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ከባድ ኮቴ ይሰማኝ ጀመር፤ ይሄድ ይሄድና ልክ ከመኝታ ቤቷ በላይ ሲደርስ ይቆማል።

ሰላማዊት፦ አንተ ደግሞ እንዲህ ባለው ነገር የማታምን ሰው ነህ።

ብሩክ፦ አላምንም። ስለዚህም የእጅ ባትሪ ይዤ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ሦስት ሌሊት ግቢ ውስጥ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ሌሊት አየሁት፤ አባ ኮዳ ነበር፤ ዓሣ ገበያው ዙሪያ የሚውለው፣ ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርሰው ወፍ። እናቴ የዓሣ ትርፍራፊ ከመኝታ ቤቷ ጓሮ ትጥልላቸው እንደነበር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ለካ እነሱም እንደኔ እሷን ፍለጋ ነው የሚመጡት። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ እሷ ብትሆን እመርጥ ነበርና።

ሰላማዊት፦ የስልኩስ ነገር?

ብሩክ፦ ስልኳ ተዘግቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ማታ ማታ ሲጠራ እሰማዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ይጠራና ዝም ይላል። ይህ የወፍ ሥራ አይደለም። ደዊ ሪስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ዌልስ ውስጥ የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ 293 ሰዎችን አነጋግሮ፣ ግማሽ ያህሉ ሟቹ አብሯቸው እንዳለ ይሰማቸው ወይም ያዩትና ድምፁን ይሰሙት እንደነበር፣ አብዛኞቹም ይህን ለማንም ሳይናገሩ እንደኖሩ አረጋግጧል። የእኔም ጆሮ ያላነሣሁትን ስልክ ነው የሚደግምልኝ።

ሰላማዊት፦ ጥናቱ ሰዎቹ የተሰማቸውን እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። አያቴ ብትሰማህ ልትሰናበትህ መጥታ ነው ትልህ ነበር፤ ተሳስታለች ለማለት እኔ አልደፍርም።

ብሩክ፦ ሁለት ጊዜ ብቻ መጥራቱን ልብ በዪ። ያን ቁጥር የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከጸጸቴ ነው የሚመነጨው።

ሰላማዊት፦ እሷም ታውቀዋለች።

ብሩክ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ወደ ሁዲኒ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1913 እናቱ ስትሞት እሱ ለትርኢት አውሮፓ ነበር፤ አልደረሰላትም። በ1922 አንዲት መንፈስ አነጋጋሪ የእናትህ መልእክት ነው ብላ በእንግሊዝኛ ገጽ በገጽ ጽፋ ሰጠችው፤ ከላዩም መስቀል ነበረበት። እናቱ ግን የአይሁድ ረቢ ሚስት ነበረች፤ እንግሊዝኛም እምብዛም አትችልም። አጭበርባሪዎቹን ያን ያህል ያሳደዳቸው እናቱን አጥብቆ ይፈልጋት ስለነበር ይመስለኛል።

ሰላማዊት፦ እሱ ራሱ በ1926 ከሞተ በኋላ ደግሞ ሚስቱ 10 ዓመት ድምፁን ጠበቀች።

ብሩክ፦ አዎ፣ እስከ 1936 ድረስ። በመጨረሻም ከፎቶግራፉ አጠገብ ይበራ የነበረውን መብራት አጠፋችው።

ሰላማዊት፦ አንተስ የእናትህን ስልክ ምን አደረግኸው?

ብሩክ፦ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ቁጥሯን አላዘጋሁትም፤ በየወሩ ካርድ እሞላበታለሁ።