ራሱን ያጠፋው አያክስ ለምን ተመለከ?

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን ስለ ጥንት ግሪክ ጀግኖች ነው። አብዛኛው ጥያቄ ያረፈው አያክስ ላይ ነው።

የአምስተርዳሙ አያክስ ክለብ የተሰየመው በእሱ ነው የሚባለው እውነት ነው? (ከአዳማ)

እውነት ነው። ክለቡ በ1900 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ስሙን የወሰደው ከዚህ የትሮይ ጦርነት ተዋጊ ነው። አርማው ላይ ያለው ፊትም የእሱ ነው።

ሰውየው ራሱን ነው ያጠፋው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይመለካል? (ከሐዋሳ)

ታሪኩን ላልሰሙ ባጭሩ ልንገር። አያክስ የሳላሚስ ደሴት ንጉሥ የቴላሞን ልጅ ነው። ከግሪኮች በጉልበት ከአኪሌስ ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ነበር። አኪሌስ ሲሞት የጦር ትጥቁ ለሌላው የግሪክ ተዋጊ ለኦዲሴየስ ተሰጠ። አያክስ በንዴት አእምሮውን ሳተ። አለቆቹን የፈጀ መስሎት የከብት መንጋ አረደ። ወደ ልቡ ሲመለስ ውርደቱን መሸከም አቃተው፤ በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ።

ግሪኮች ጀግናን የሚያመልኩት ጻድቅ ነው ብለው አይደለም። የኃያል ሰው ኃይል ከሞተም በኋላ ይሠራል ብለው ያምኑ ነበር። ካከበሩት ይረዳል፤ ከበደሉት ይጎዳል። የአያክስ ቁጣ ደግሞ በቀላሉ የሚበርድ አልነበረም። የጥንቱ ገጣሚ ሆሜር እንደሚተርከው ኦዲሴየስ በሙታን ዓለም አግኝቶ ሲለማመጠው፣ አያክስ አንዲት ቃል ሳይመልስለት ጥሎት ሄደ። እንዲህ ያለውን ሰው ከጎን ማሰለፍ እንጂ መርሳት አያዋጣም።

የሳላሚስ ሰው ከሆነ አቴናውያን ምን አገባቸው? (ከአዲስ አበባ)

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው! ሳላሚስ ከአቴና ጠረፍ ፊት ለፊት ያለች ደሴት ናት። አቴና በእሷ የተነሳ ከጎረቤቷ ከሜጋራ ጋር ለረጅም ጊዜ ተዋግታለች። ስለዚህ አቴናውያን «የአያክስ ልጆች ዜግነታችንን ተቀብለው ደሴቲቱን ሰጥተውናል» ይሉ ነበር። ጀግናው የእኛ ከሆነ ደሴቷም የእኛ ናት ማለት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ገደማ የአቴናው መሪ ክሌይስቴኔስ ሕዝቡን በ10 ነገዶች አደራጀ። የነገዱ አባልነት የሚወሰነው በቀበሌ ነበር። ለነገዶቹ ስም የሚሆኑ 100 ጀግኖች ቀርበው በዴልፊ ያለው የአፖሎ ቤተ መቅደስ ነቢይት 10ሩን መረጠች። ከእነዚህ ውስጥ ባዕዱ አያክስ ብቻ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶተስ ምክንያቱን ሲናገር ጎረቤትና አጋር ስለነበረ ነው ይላል። የ10ሩ ሐውልት በገበያው አደባባይ ቆሞ ነበር። የዘመቻ ጥሪ እንኳ የሚለጠፈው ከየነገዱ ጀግና ሐውልት ሥር ነው።

በ480 ፋርሶች ሲመጡ ነገሩ የምር ሆነ። ግሪኮች ሳላሚስ ላይ ከመዋጋታቸው በፊት አያክስንና አባቱን ለእርዳታ ጠሩ። ድል ሲያደርጉም ለፋርስ ከተሰለፉትና ከማረኳቸው የፊንቄ መርከቦች አንዷን እዚያው ደሴቷ ላይ ለአያክስ ሰጡ።

በዓል ነበረው? (በጽሑፍ የደረሰን)

ነበረው፤ አያንቴያ ይባላል። ወጣት የአቴና ምልምል ወታደሮች ወደ ሳላሚስ ተሻግረው መሥዋዕት ያቀርቡለት፣ በጀልባም ይሽቀዳደሙ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ደሴቷን የጎበኘው ግሪካዊው የጉዞ ጸሐፊ ፓውሳንያስ፣ በአያክስ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከዞጲ እንጨት የተሠራ ምስሉን አይቷል።