ከቦክስ ሪንግ እስከ ሰሪ ሂልስ አዳራሽ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ ሲድኒ ውስጥ የተሰበሰብንበት መሬት የጋዲጋል ሕዝብ መሬት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ባለቤቱን ሳንጠይቅ ቤት አንገባም። ስለዚህ ንግግሬን በአገሬው ሕዝብ ታሪክ ልጀምር።

በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1908 ነው። እዚሁ ሲድኒ፣ ረሽከተርስ ቤይ ላይ ወደ 20 ሺህ ሰው ቦክስ ለማየት ተኮልኩሏል። ጥቁሩ አሜሪካዊ ጃክ ጆንሰን ነጩን የዓለም ሻምፒዮን ቶሚ በርንስን እየደበደበው ነው። 14ኛው ዙር ላይ ፖሊስ ገብቶ ግጥሚያውን አስቆመ። ጆንሰን የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። «አውስትራሊያ ለነጭ ብቻ» በሚል ፖሊሲ በሚተዳደር አገር፣ ያውም በነጮች ፊት!

እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማስበው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነው ነገር ነው። በ1907 ጆንሰን ሲድኒ መጥቶ ነበር። ሲመለስ ሽኝት ያደረገለት ጥቁር መርከበኞችና የወደብ ሠራተኞች ያሉበት ማኅበር ነው። ፍሬድ ሜይናርድ የሚባል አቦርጅናል፣ ማለትም የአገሬው ተወላጅ፣ በዚሁ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር። የልጅ ልጁ፣ የታሪክ ምሁሩ ጆን ሜይናርድ፣ አያቱ ከዚያ ማኅበር ጋር ግንኙነት እንደነበረው ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ ትከሻው ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው፣ ከመርከብ ከወረደ ጥቁር ጋር ቆሞ ስለ ሌላ አገር ጥቁሮች ሲያወራ።

ቡጢው ብቻውን ሰው አላደራጀም። ያደራጀው እንዲህ ያለው ወሬ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1915 የተሻሻለው ሕግ አቦርጅናሎችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ቦርድ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ልጆችን ከወላጅ እንዲነጥቅ ፈቀደ። ሜይናርድና ጓደኞቹ በ1924 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1925 እዚሁ ሲድኒ ሰሪ ሂልስ በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከ200 በላይ አቦርጅናሎችን ሰበሰቡ። ልጆቻችን አይወሰዱ፣ ለየቤተሰቡ መሬት ይሰጥ፣ እንደ ዜጋ እንቆጠር አሉ። መፈክራቸው «አንድ አምላክ፣ አንድ ዓላማ፣ አንድ ዕጣ» የሚል ነበር። ይህ የጥቁሮች መብት ታጋይ የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ መፈክር ነው። ያው ንቅናቄ በ1920 ባጸደቀው መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ይላታል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። የአገራችን ስም እኛ ሳንመጣ እዚህ ወደብ ደርሶ ነበር።

የእነ ሜይናርድ ማኅበር ብዙ አልቆየም። ፖሊስና ቦርዱ መውጫ መግቢያ ስላሳጡት፣ 1920ዎቹ ሳያልቁ ከአደባባይ ጠፋ።

ከዛሬ አጀንዳችን አንዱ ይህን ታሪክ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ልጆች ይማሩት የሚል ነው። ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። የእኔ እጅ ግን ከአሁኑ ወጥቷል።

ጉባኤው ተከፍቷል።