ድንጋይ የሆነ ጠርሙስ

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ወጌሻዎች፣ በየሜዳው ዳር ቆማችሁ ውኃ የምታቀብሉ በጎ ፈቃደኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

መርሐ ግብሩ ላይ «በሙቀት ወቅት የፈሳሽ አወሳሰድ» ተብሎ ተጽፏል። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ጠርሙስ ልናገር፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማታ እስከ አፉ ተሞልቶ ፍሪዘር የገባው፣ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ፣ መቀመጫው ጎብጦ አልቆምም የሚለው የስፖርት መጠጥ።

የተነፋበት ምክንያት ቀላል ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ከግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሊትር፣ ለጥንቃቄ 100 መጉደል አለበት። የብርጭቆ ጠርሙስና ጋዝ ያለው መጠጥ ጭራሽ ፍሪዘር አይግቡ፤ ይፈነዳሉ።

የተነፋ ጠርሙስስ ቢያንስ ይታያል። የማይታየው ይብሳል። ውኃ በረዶ ሲሠራ ስኳሩንና ጨውን እየገፋ ያስወጣቸዋል፤ ተገፍተው የመጨረሻው ፈሳሽ ውስጥ ይታጨቃሉ። ሲቀልጥ ደግሞ ቀድሞ የሚለቀው ይኸው ወፍራሙ ክፍል ነው። ቀለም ያለው መጠጥ አውጥታችሁ ተመልከቱት፦ ከሥር የተንጠባጠበው ደማቅ፣ ከላይ የቀረው በረዶ የገረጣ። ብዙው የስፖርት መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር 6 ግራም ገደማ ስኳር እንዲይዝ የሚሠራው ከሆድ ቶሎ እንዲያልፍ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ግን ሽሮፕ ነው፤ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ አንጀት ሲደርስም ውኃ ከሰውነት ይስባል። ሯጩ ሆዱን ይዞ ይጎብጣል። ጨው በላብ ሲያልቅበት፣ መጠጡን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጣዕም የለሽ ውኃ ነው። እኛም ከዳር ቆመን «ሙቀቱን አልቻለም» እንላለን! ሙቀቱንማ ችሎ ነበር። ያቀበልነውን ጠርሙስ ነው ያልቻለው።

በረዶ ጠልቼ አይደለም። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ የሚወስደው ሙቀት ያንኑ ያህል ውኃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ያደርሳል። ጥያቄው በረዶ የሚሆነው ምኑ ነው የሚለው ነው። ተራ ውኃ በጠርሙስ አጉድላችሁ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጉ፤ መጠጡን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ፤ ጠዋት በማቀዝቀዣ ሣጥኑ ውስጥ የበረዶውን ጠርሙሶች በመጠጦቹ መሃል ሰግስጓቸው። መጠጡ እንደተሠራ ይቆያል፤ በረዶውም ሲቀልጥ ይጠጣል፣ አንገትና ራስ ላይ ይፈስሳል። ሣጥን ከሌለና መጠጡ ራሱ የግድ ፍሪዘር ይግባ ከተባለ፣ ጠርሙሱን ሲሶ ብቻ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በጎኑ አስተኙት። በረዶው ጎን ላይ ይጋገራል፣ አፉ ክፍት ይሆናል። ጠዋት በዚያው ዓይነት ቀዝቃዛ መጠጥ ሙሉት፤ ከእያንዳንዱ ጉንጭ በፊት ይናጥ።

ወደ ርእሱ፣ በአጭሩ። በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ፣ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር። ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ልምምድ ውኃ ይበቃል። ከልምምድ በፊትና በኋላ መዝኑ፤ የጎደለ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው። ክብደት ከጨመረ ሰውየው ከመጠን በላይ ጠጥቷል፤ ያ የደምን ሶዲየም ያቀጥናል፣ ይገድላልም። የተወላገደ፣ ንግግሩ የተምታታ ሰው አፍ ላይ ጠርሙስ አትደቅኑ፤ አምቡላንስ ጥሩ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣም ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ ንከሩ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማንቆርቆሪያ አለ። በአንደኛው ማታውን ድንጋይ ከሆነ ጠርሙስ ቀድሞ የቀለጠው፣ በሌላው ፍሪዘር ያልገባው ያው መጠጥ። ኩባያዎቹ በስተግራ ናቸው፤ ከሁለቱም ቅመሱ።